በሁዳዴ የታወረው ካሜራ

ወይዘሮ ወይንሀረግ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ተመልሰው የብፌውን መሳቢያ ሲስቡ የቤታቸው ካርታ የለም። የአንገት ሐብላቸው አለ። የሟች ባለቤታቸው የእጅ ሰዓት አለ። ለልጃቸው ሠርግ የተገዛው የወርቅ ጉትቻ ከነማስቀመጫው ቁጭ ብሏል። የሄደው ያ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው። ረቡዕ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱት ሴትዮ ነጠላቸውን ሳያወርዱ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አሉ።

ኢንስፔክተር ቦጂያ አብነት ሰፈር ወዳለው ግቢያቸው የደረሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አብራው ሳጅን ሃኒ ነበረች፤ ምላሷም እጇም ፈጣን የሆነ ወጣት ፖሊስ።

«ወርቅ ትቶ ወረቀት የሚሰርቅ ሌባ ዛሬ ገና አየሁ» አለች ሃኒ መሳቢያውን እያየች።

«የቤት ሰው ይሆናላ» አለ ቦጂያ።

ሴት ልጃቸው እድላዊት እናቷን ደግፋ ወንበር ላይ አስቀምጣ ስታበቃ ነገሩን አስረዳች። ካርታው የሚፈለገው ለነገ ጠዋት ነበር። እናቷ ውልና ማስረጃ ሄደው የግቢውን ሁለት የፊት ክፍሎች ለእሷና ለእጮኛዋ ለበሱፍቃድ በስጦታ ሊያዞሩላቸው ቀጠሮ ይዘዋል። ፋሲካ እንደወጣ ሊጋቡ ነው።

ከብፌው ትይዩ፣ ከጣሪያው ጥግ፣ ግማሽ እንቁላል የምታክል ነጭ ካሜራ ተሰቅላለች። ቦጂያ ቀና ብሎ ሲያያት የሴትዮዋ የበኩር ልጅ ኤልያቄም ስልኩን ይዞ ገባ። ኤልያቄም ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል፤ ኑሮውን ከሚስቱ ጋር ሌላ ሰፈር ነው ያደረገው። የእናቱን ቤት ግን ከሱቁ ሆኖ በስልኩ ይጠብቃል። ነጭ ገመድ አልባ ማዳመጫ በግራ ጆሮው እንደተሰካ ነው።

«ያንን ነገር ከጆሮህ አውጣ፤ ከሰው ጋር እየተነጋገርክ» አሉት እናቱ በዚያ ሐዘናቸው መሀል።

አወጣው። ቀጥሎም ምስሉን ለቦጂያ አሳየው። ሰባት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ላይ ሳሎኑ ባዶ ነው፤ መሳቢያው ዝግ ነው። ከዚያ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ይጠቁራል። ሰባት ሰዓት ከዐሥራ አንድ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ሳሎኑ እንደገና ባዶ ነው፤ መሳቢያው ግን የአንድ ጣት ያህል ተከፍቷል።

«ስምንት ደቂቃ» አለ ቦጂያ። «መብራት ሄዶ ይሆን?»

«እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሱቄ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው የጠፋው። እማዬ ቅዳሴ ላይ ስለሆነች ስልኳ አይሠራም፤ ለተከራያችን ለመሐሙድ ደወልኩ። ‹መብራት አለ› አለኝ።»

«ታዲያ ካሜራውን ማን ሊያጠፋው ይችላል?»

ኤልያቄም ወደ እህቱ አላየም። «ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልወድም። የይለፍ ቃሉ ያለው ግን እኔና የሰቀለው ሰው ጋ ነው።»

የሰቀለው ሰው በሱፍቃድ ነበር። ልደታ ማርያም አጠገብ ከአንድ ሰው በላይ የማታስገባ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ዲሽና ካሜራ ይሰቅላል። በሰባት ሰዓት የት እንደነበረ ሲጠየቅ «እዚሁ፣ ብቻዬን» አለ። ምስክር የለውም። ወይዘሮ ወይንሀረግ «ካሜራ አይዋሽም» ብለው አቤቱታውን ፈረሙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጁ ጣቢያ ገባ።

«ነገ በእጁ የሚሰጠውን ዛሬ ለምን ይሰርቃል?» አለ ቦጂያ መኪናው ውስጥ።

«ነገ የሚሰጠው ሁለት ክፍል ነው፤ ካርታው የግቢው በሙሉ ነው» አለች ሃኒ። «ዓርብ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቦ ቀጠሮ ይጠየቅበታል። እስከዚያ ካርታው ይገኝ ይሆናል።»

እድላዊት ጣቢያው በር ላይ እየጠበቀቻቸው ነበር። አላለቀሰችም።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች። «የሱ ሥራ ሰው ቤት መግባት ነው። መኝታ ቤት ድረስ ያስገቡታል። ዓርብ ሌባ ተብሎ ችሎት ከቆመ፣ በኋላ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ አብነት ውስጥ በር የሚከፍትለት የለም። አንድ ቀን ተኩል ነው ያላችሁ።»

*

ሐሙስ በማለዳ፣ የግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ተከራዩ መሐሙድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን ያንቀጠቅጣል። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ስለገቡ ግቢው ውስጥ ቀን ላይ አንድም አፍ አይንቀሳቀስም። መሐሙድ ከንፈሩ ደርቋል፤ ዙሪያውን የዒድ ልብስ ተቆልሎበታል።

«ትናንት በሰባት ሰዓት የት ነበሩ?» አለው ቦጂያ።

«ስድስት ሰዓት ከአርባ ገደማ ለዙሁር መስጊድ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ እስከ ሰባት ተኩል እቆያለሁ። ትናንት ግን ይሄ ሁሉ ጨርቅ ዓይኔ ላይ እየመጣ፣ ሰግጄ ወዲያው ተመለስኩ።» በመቀሱ ወደ ክምሩ አመለከተ። «ተቀምጬ መኪናዋን ሁለቴ እንደረገጥኩ ኤልያቄም ደወለ። መብራት መኖር አለመኖሩን እዚያ ባለ ሱቁ ጋ ሄጄ እንዳይለት። የኔ መኪና የእግር ናት፣ መብራት ሄደ መጣ አላውቅም። ሄድኩ፣ አለ። ተመልሼ ‹አለ› አልኩት።»

ስልኩን አውጥቶ አሳየ። የተደወለለት ሰባት ሰዓት ከስምንት ላይ ነው።

«ምን ምን አላችሁ?»

«መጀመሪያ አልሰማሁትም። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ ሦስቴ ነው ‹ምን አልክ?› ያልኩት። ኔትወርክ ነው እንግዲህ፤ ያው እንደሚያውቁት ነው።»

ሁሉም እንደሚያውቀው ነው። ቦጂያም ጽፎት አለፈ።

ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄደው የኤልያቄምን ሱቅ ጎረቤት ፈሪዳን ጠየቁ። መጋረጃ ትሸጣለች። ጥያቄው ሳያልቅ መለሰች።

«ኤልያቄም? አለ፤ ምን ይሆናል። ሱቁ ክፍት ነበር፤ የት ይሄዳል።»

«በዓይንሽ አይተሽዋል?» አለ ቦጂያ።

«ወይ ጉድ፣ ፖሊስ ደግሞ። ወንበሩ በሩ ላይ ነበር ስልህ።»

«‹ስልዎት› ነው የሚባለው» አለች ሃኒ። ፈሪዳ ሳቀች፤ ቦጂያ ግን አልሳቀም። እዚያ ሰፈር ነጋዴ ለጸሎትም ለሽንትም ሲወጣ በሩ ላይ ወንበር ያጋድማል። ደንበኛ ከመጣ ጎረቤት «አለ፣ አሁን ይመጣል» ይላል። ያ ምስክርነት ሳይሆን ጉርብትና ነው። ሆኖም ወንበር መጋደሙ ብቻውን ማንንም ሌባ አያደርግም። የስልኩንም ነገር ሃኒ አጣርታለች፤ ሱቁና ግቢው ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ የስልክ ምሰሶው አይለያቸውም።

*

ረፋዱ ላይ ሃኒ በሱፍቃድ በሰጣት የይለፍ ቃል ገብታ ካሜራው የተቋረጠባቸውን ሰዓታት በሙሉ በወረቀት አወጣች። ቦጂያ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ ካሜራ ድሮም በሽተኛ ነው። ይዩ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይቋረጣል። ሰባት ሰዓት ላይ ሦስት ደቂቃ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አራት ደቂቃ። አንዳንድ ቀን ጠዋት ሁለት ደቂቃ።»

ቦጂያ ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ እያንሸራተተ ወረደ። ጥር በሙሉ እንደዚያ ነው። የካቲት መጀመሪያም እንደዚያ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ላይ ጣቱ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም የለም። አንድ ሳምንት፣ ምንም። ሁለት ሳምንት፣ ምንም። ካሜራው አንዲት ሰከንድ ሳይስት ያያል። ከዚያ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ከሦስት።

«ይሄ ቀን እሑድ ነው» አለ ቦጂያ ጣቱን ሳያነሳ። «ምን እሑድ ነበር?»

ሃኒ አሰበች። «ቅበላ።»

ቦጂያ ክንዱ ላይ ያለው ጠጉር ሲቆም ተሰማው። ልጅ ሳለ አባቱ ሬዲዮ ሲከፍቱ «ዘፈኑ ሳይከፈት በፊት የት ነበር?» ብሎ ጠይቆ በኩርኩም የተመለሰ ሰው ነው። ያ ጥያቄ ከኩርኩሙ ጋር አብሮ አልጠፋም ነበር።

«የካሜራው በሽታ» አለ ቀስ ብሎ «ሁዳዴን ይጾማል ማለት ነው።»

*

«በቅበላ ማታ ምን አደረጉ?» ሲል ወይዘሮ ወይንሀረግን ጠየቃቸው።

«ምን አደርጋለሁ? እንደ ክርስቲያን ነዋ። ሥጋ የነካውን ድስት አጠብኩ፣ ቢላዋውን አጠብኩ፣ ቅቤውን አነሳሁ።»

«ሌላስ?»

«ያንን የምግብ ማሞቂያ አጥቤ ሸፈንኩት። ዶሮ ወጥ ፈንጥቆበታል፣ ውስጡ ቅቤ ቅቤ ይላል። ለጾም ምግብ አይሆንም። እስከ ፋሲካ ቡታጋዝ ነው።»

ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ በስተጓሮ ወደ ግቢው የሚወጣ የራሱ በር አለው። ከወጥ ቤቱ ወዲያ የእድላዊት መኝታ ቤት ነው፤ የዋይፋዩ ሳጥንም እዚያ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። መሀል ላይ፣ ጥልፍ ልብስ ለብሶ፣ ማይክሮዌቩ። ቦጂያ ልብሱን ገለጠ። ከዱባይ በሻንጣ ሲመጣ በሩ ተጣሞ ኖሮ፣ ከጎማ በተቆረጠ የከመነዳሪ ላስቲክ ታስሮ ነው የሚዘጋው። በሩና አካሉ መሀል ምስማር የምታስገባ ክፍተት አለች።

አንድ ኩባያ ውኃ አስገባ፤ ከመነዳሪውን አሰረ።

«ሃኒ፣ ሳሎን ሁኚና ስልክሽ ላይ ካሜራውን እዪ።»

ቁልፉን ተጫነ። ሳጥኑ አጉረመረመ፤ መብራቱ በራ፤ ኩባያው መዞር ጀመረ።

«ቀጥ አለ» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። «ጠቆረ።»

አጠፋው።

«መጣ።»

አበራው።

«ሄደ። ኢንስፔክተር፣ ምን እየነኩ ነው?»

ምንም አልነካም። ቦጂያ እጁን ወደ ስንጥቋ አስጠጋ፤ ነፋስ የለም፣ ሙቀት የለም፣ ሽታ የለም። ነገር ግን ከዚያች ስንጥቅ ሊታይ የማይችል ነገር እየፈሰሰ፣ የጭቃውን ግድግዳ እንደ ወንፊት አልፎ፣ ከወዲያ ያለችውን የመስታወት ዓይን ይከድናታል። ክፍሉ ድሮም ባዶ እንዳልነበረ ገባው። እሱ የቆመበት ቦታ ላይ፣ ደረቱን አልፎ፣ የሳሎኑ ምስል ወደ ዋይፋዩ ሳጥን እየሄደ ነበር፤ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ሴትዮዋ ሽንኩርት ሲከትፉም። ኮፍያውን ሳያስበው አወለቀ።

«ያመዎታል?» አሉት ወይዘሮ ወይንሀረግ።

«የለም እማማ። ደህና ነኝ።»

*

ቦጂያ በሱፍቃድ የታሰረበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ያየውን ነገረው። ልጁ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ መታሰሩን የረሳ ይመስል ነበር።

«ወጥ ቤቱን አላየሁትም» አለ። «ካሜራውን አምስቴ ነው መጥቼ የሞከርኩት፤ አምስቴም ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ያኔ የሚያሞቅ ሰው አልነበረም።» ግድግዳው ላይ በጣቱ መስመር ሣለ። «ዋይፋዩና ማሞቂያው አንድ መንገድ ላይ ነው የሚሄዱት ኢንስፔክተር። ዋይፋዩ በሹክሹክታ የሚያወራ ሰው ነው። ማሞቂያው ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ እሪ የሚል። በሩ ደህና ከሆነ ጩኸቱ ውስጥ ይቀራል። ከተጣመመ ግን ትንሽ ያፈስሳል፤ ያቺ ትንሿ ለሹክሹክታ ብዙ ናት።»

«ሰውንስ?»

«ከስንጥቅ የምትወጣው ለሰው ያን ያህል አይደለችም። ቢሆንም በሩ ይሠራ፤ እንደዚያ አይተውም። እዚያች መንገድ ላይ የሚሄዱትን ግን ሁሉንም ትረብሻለች። ዋይፋይ፣ የገመድ አልባ ስፒከር፣ የጆሮ ማዳመጫ…»

ሃኒ ቦጂያን ክንዱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ ልጅ እኮ አሁን ራሱን አሰረ። እንዴት እንደሚታወር ከሱ በላይ የሚያውቅ አለ? ገብቶ አበራው፣ ወሰደ፣ ሄደ። ዓርብ ለችሎቱ ይሄንኑ ነው የምንናገረው።»

«ልክ ነሽ» አለ ቦጂያ። ልክ መሆኗ አሳዘነው። ልጁ ይሄንን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም የተናገረው፤ አውቆ፣ ዕውቀቱን መያዝ ስላልቻለ ነው። ቦጂያ በሩ ላይ ተመለሰ።

«ቅድም መጨረሻ ላይ ምን አልክ?»

«የጆሮ ማዳመጫ?»

«እሱን።»

«ገመድ የሌለው ከሆነ ያው ነው። አጠገቡ ቆመህ ብትደውል ድምፅህ ይቆራረጣል። ስልኩ ምንም አይሆንም፤ ከጆሮህ እስከ ኪስህ ያለችው መንገድ ናት የምትቋረጠው።»

ቦጂያ ጠዋት ጽፎ ያለፈበትን ገጽ ገለጠ። ሰባት ሰዓት ከስምንት። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር።

*

ግቢው ሲደርሱ ወይዘሮ ወይንሀረግ ወደ ቅዳሴ ሊወጡ ነጠላቸውን እየተከናነቡ ነበር።

«እማማ፣ ማሞቂያው ሲበራ ካሜራው እንደሚጠፋ ማን ያውቅ ነበር? በሱፍቃድ ያውቅ ነበር?»

«ኧረ እሱ አያውቅም። እኔም የሚጠፋ አልመሰለኝም፤ የልጅ ቀልድ ነበር የመሰለኝ።»

«የማን ልጅ ቀልድ?»

«የኤልያቄም ነዋ። ገና ለት ይመስለኛል፣ ከሱቁ ይደውልና ‹እማዬ፣ ዶሮ እያሞቅሽ ነው አይደል? ታወርኩ› ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ…»

እጃቸው ነጠላው ጫፍ ላይ ቀረ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ሳይወርድ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደ። ቦጂያ ዓይኑን አዞረ። እናት ስታውቅ ማየት አልፈለገም።

«ቅዳሴው ያልፍብኛል» አሉ፤ ግን አልተንቀሳቀሱም።

ሃኒ የራሷን ገመድ አልባ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወጥ ቤት ገባች። ስልኩን የኋላ ኪሷ ከተተች። ቦጂያ ከመሐሙድ ጋር ስፌት ክፍሉ ቁጭ አለ። ምን እንደሚሞክሩ አልነገረውም።

መጀመሪያ ማሞቂያው ሳይበራ ደወለች። «ጋሽ መሐሙድ፣ እንዴት ዋሉ?» ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ዘጋች። ማሞቂያውን አብርታ ዳግመኛ ስትደውል መሐሙድ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ፊቱን አጨማደደ።

«አቤት? ምን አልሽ? እንደገና…»

ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ።

«ይሄ ነው» አለ። «ልክ እንዲህ ነበር። ቃሉን መቀስ ይበላዋል። ልክ እንደ ትናንቱ ነው፤ ወላሂ።» በበሩ በኩል፣ ዐሥር እርምጃ ወደማይርቀው ወጥ ቤት አየ። «እዚህ ነበር እንዴ? እዚያ ቆሞ ነው ወደዚህ የደወለልኝ?»

«ቶሎ ተመለሱበት» አለ ቦጂያ። «ጸሎት ላይ ነዎት ብሎ ነው የገባው። መኪናዋን ሲሰማ መውጫ አጣ። ከመቀመጫዎ የሚያስነሣ ነገር ፈለገ።»

*

ከሰዓት በኋላ ኤልያቄም ሱቁ ውስጥ ለአንዲት ሴት አቡጀዲ እየለካ ነበር። ቦጂያ ሴትዮዋ ከፍላ እስክትወጣ ጠበቀ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ወንበር አነሣና ውስጥ አስገብቶ ተቀመጠበት።

«ሁዳዴ ባይሆን ኖሮ አላገኝህም ነበር» አለው።

«አልገባኝም።»

«ካሜራው በየቀኑ ይጠፋ ነበር። አንድ ጊዜ ተጨማሪ ቢጠፋ ማን ያስተውላል ብለህ ነው፤ ልክ ነበርክ። ግን አንተ እዚያ ቤት አትጾምም። ቤትህ የሚስትህ ነው፣ ማሞቂያህም ሌላ ነው። የእናትህ ማሞቂያ ከቅበላ ወዲህ ልብስ ለብሶ እንደተቀመጠ ገብተህ ስታየው አወቅህ፤ ያኔ ግን ጊዜ የለህም። ከሁለት ሳምንት በላይ ያ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታወረው። ኦርቶዶክሱ በማይበላበት፣ ሙስሊሙ በማይበላበት ሰዓት፣ ማንም ሰው ምንም በማያሞቅበት ሰዓት። በዚያው ሰዓት ደግሞ ለመሐሙድ ደወልክ፤ ድምፅህን ማሞቂያው በላው።»

ኤልያቄም ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ከመደርደሪያው የነጭ ጨርቅ ጥቅል አውርዶ መሀሉን ዘረጋ። ካርታው በላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያ ነበር።

«ከፊት ያለችው ክፍል» አለ «እኔ የተወለድኩባት ናት። ግድግዳዋን አባቴ ሲመርግ ጭቃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት የሌላ ሰው ልትሆን ነበር። ነገሩን ለማዘግየት ነው እንጂ ልሸጠው አልነበረም።»

«ለእናትህ ‹አይሆንም› ብለሃቸው ታውቃለህ?»

«አላልኩም።»

«በሱፍቃድስ?»

«እሱን አስቤ አልነበረም። የሆነ ሰው እንዲታሰር አላሰብኩም። ‹ካሜራውን ማን ያጠፋል› ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።»

«ከዚያ ሲታሰር ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ» አለ ኤልያቄም። ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ካርታው አጠገብ አስቀመጠው።

*

ወይዘሮ ወይንሀረግ ጣቢያ ሲመጡ ቅዳሴው ወጥቷል። እድላዊት ክንዳቸውን ይዛለች። ልጃቸውን አግዳሚው ላይ ሲያዩት ወደሱ አልሄዱም፤ ቦጂያ ፊት ነው የቆሙት።

«በእናትና በልጅ መሀል ነው» አላቸው ቦጂያ። «የስርቆቱን ነገር አቤቱታዎን ካነሡ እዚህ ይቆማል። የሰጠው የሐሰት ቃል ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ እሱ በእኔ እጅ አይደለም። ዋስ ከጠራ ግን ዛሬ ማደር የለበትም።»

«እኔ የተሰረቅሁት ወረቀት ነው፤ ተገኝቷል» አሉ። «ስሙን የተሰረቀው ያ ልጅ ነው። እኔም እጄን አስገብቼበታለሁ፤ ፈርሜያለሁ። እሱን ጠይቁት። እሱ ያለው ይሁን።»

በሱፍቃድን አመጡት። የጫማውን ክር በእጁ እንደያዘ ነው የወጣው። እድላዊትን አየ፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ያለውን አየ። ወይዘሮ ወይንሀረግ ወደ እግሩ ሊያጎነብሱ ሲሉ ሁለት ትከሻቸውን ይዞ አቆማቸው።

«እማማ፣ ይተዉ። እርስዎን አልተቀየምኩም።»

«እሱንስ?» አለ ቦጂያ።

በሱፍቃድ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማስገባት ጀመረ። አንዱን ጫማ ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ነው የተናገረው።

«እንዲታሰር አልፈልግም። ቢታሰር ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ረቡዕ አመሻሹ ላይ በካቴና ሲወስዱኝ ያየኝ ሰፈር ነው። የኔ ደንበኞች ያሉባቸውን በሮች አውቃቸዋለሁ። አብሮኝ ይዙር። እያንዳንዱ በር ላይ ‹የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም› ይበል። በራሱ አፍ።»

ኤልያቄም ቀና አለ። ከዚህ ይልቅ እስር ቤቱን የሚመርጥ ይመስል ነበር። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ቦጂያ ሥራ ሳይኖረው በአብነት በኩል አለፈ። ለሃኒ «ወደ ታክሲ መያዣው አቋርጬ ነው» አላት፤ ሃኒ ታክሲ መያዣው በዚያ በኩል እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ግን አብራው መጣች። ከጠባቡ መንገድ ጫፍ ሆነው አዩዋቸው። ኤልያቄም ከፊት፣ በሱፍቃድ ሁለት እርምጃ ከኋላ። በር ይንኳኳል፤ ይከፈታል፤ ኤልያቄም አንገቱን ደፍቶ ይናገራል። አንዳንዱ ሰው ይረግመዋል። አንዲት ሴት በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋች። እነሱ ወደሚቀጥለው አለፉ።

«ስንተኛ በራቸው ነው?» አለች ሃኒ።

«ዘጠነኛ።»

ዘጠነኛው በር ላይ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወጡ። ኤልያቄምን እስከ መጨረሻው ሰሙት። እሱን አልፈው ከኋላው ያለውን ልጅ ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንተ» አሉት። «ቴሌቪዥኔ ድምፅ እያለው ምስል ካቆመ ሳምንቱ ነው። ሌላ ሰው እንዳልጠራ ብዬ ነው የጠበቅኩህ። ግባ፤ ጫማህን ማውለቅ የለብህም።»

በሱፍቃድ ግን ጫማውን አወለቀና ገባ።